ኬኩ ከመቆረሱ በፊት፦ የማርች 8 ታሪክ በወሎ ዓይን

(በዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን ዋዜማ ደሴ ላይ ከቀረበ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ የካቲት 29 ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሐምራዊ ልብስ ይለበሳል፣ የዓመቱ መሪ ቃል በባነር ይሰቀላል፣ ኃላፊው አጭር ንግግር ያደርጋሉ፣ ከዚያ ኬክ ይቆረሳል። ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተዋል። ገሚሱ ታዳሚ የፍስክ ነገር በማይቀምስበት፣ ገሚሱ እስከ መግሪብ ውሃ በማይጎነጭበት በዚህ ከተማ በጠዋት የሚቆረሰውን ኬክ ማን እንደሚበላው እንጃ። ፎቶው ግን ይነሣል።

ከኬክ ጋር ጠብ የለኝም። የሚከነክነኝ፣ ቀኑ ከዓመት ወደ ዓመት ሴትን የማወደሻ ቀን እየሆነ መምጣቱ ነው። ሲጀመር ግን ተለይቶ የታወቀ ነገር የሚጠየቅበት ቀን ነበር፤ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የምርጫ ድምፅ፣ ዳቦ፣ ሰላም። ጥያቄው ደግሞ ለሚመለከተው ሰው በስሙ ነበር የሚቀርበው። ውዳሴማ ለወሎ ሴት መች ጎድሎባት ያውቃል? አምባሰሉም፣ ባቲውም፣ ትዝታውም ዓይኗን፣ አንገቷን፣ አረማመዷን ሲያነሣ ሲጥል ነው የኖረው። በዘፈን ያልተሞገሰች የወሎ ልጅ የለችም። የምታርሰው መሬት በማን ስም እንደተመዘገበ የጠየቀ ዘፋኝ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። ስለ ውጭው ዓለም ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ ወደ አገራችን ስመለስ በራሳችን አቆጣጠር እሄዳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ተረት እንጣል። ለዚህ ቀን በየዓመቱ በሚዘጋጁ ጽሑፎች ላይ “በ1857 በኒውዮርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሰልፍ ወጡ፣ ፖሊስ በተናቸው፣ ማርች 8 የዚያ መታሰቢያ ነው” የሚል ይነበባል። ታሪክ አጥኚዎች የዘመኑን ጋዜጦች ቢያገላብጡ ያንን ሰልፍ አላገኙትም። ወሬው ብቅ ያለው ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1950ዎቹ በፈረንሳይ የኮሚኒስት ጋዜጦች ላይ ነው። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ግን ከሪፖርት ወደ ሪፖርት እየተገለበጠ እኛም ቢሮ ደርሷል።

እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይልቅ ደም አለው። በ1909 የአሜሪካ ሶሻሊስት ፓርቲ ፌብሩዋሪ 28ን ብሔራዊ የሴቶች ቀን ብሎ አከበረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፉ 20 ሺህ ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዓመቱ፣ በ1910 ክረምት፣ ከ17 አገሮች የመጡ ከመቶ በላይ ሴቶች ኮፐንሃገን ላይ ተሰበሰቡ። ጀርመናዊቷ ክላራ ዜትኪንና ጓደኞቿ በየአገሩ በየዓመቱ አንድ የሴቶች ቀን ይኑር፣ ዋና ጥያቄውም የመምረጥ መብት ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ጉባኤው ተቀበለው። ቀኑን ግን አልቆረጡም። በተከታዩ ዓመት ማርች 19 በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በዴንማርክና በስዊዘርላንድ ከሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ። ስዊዘርላንድን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ሰልፍ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ማርች 25 ቀን 1911፣ ኒውዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሥራ ሊያበቃ ደቂቃዎች ቀርተውታል፣ ልጆቹ ኮታቸውን ሊያነሡ ነው። ፋብሪካው የአንድ ሕንፃ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ ነበር። እሳቱ ስምንተኛው ፎቅ ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሚጠራቀምበት ሣጥን ተነሣ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ከነበሩት መውጫዎች አንዱ ተቆልፎ ነበር። ለምን? ሠራተኞቹ ሁሉ በአንድ በር እየወጡ ቦርሳቸው እንዲፈተሽ፤ ክርና ጨርቅ ሰርቀው እንዳይሄዱ። የውጭው የብረት ደረጃ የሰው ብዛት ከብዶት ተገንጥሎ ወደቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ቢዘረጉ የደረሰው እስከ ስድስተኛው ፎቅ ብቻ ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አለቀ። 146 ሰው ሞተ፤ 123ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የሞቱት ከመስኮት ዘልለው ነው። የዚህ ፋብሪካ ልጆች ከዓመት በፊት ሥራ ካቆሙት መካከል ነበሩ፤ ሌሎች አሠሪዎች ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሲስማሙ የእነሱ አሠሪዎች አሻፈረኝ ብለው ነበር። ከእሳቱ በኋላ ተከሰሱ፤ ነፃ ተባሉ።

ያን ቀን እሳቱን ከመንገድ ቆማ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ወጣት በኋላ ለሠራተኛ ደኅንነት ሕግ ስትከራከር ኖራ፣ በ1933 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ሆነች። በዚያ አገር ካቢኔ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የነገርኳችሁ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን የምናገኛት ጎረቤታችን ስለሆነች ነው። የልብስ ስፌት ሥራ በኒውዮርክም በኮምቦልቻም የሴት ልጅ ሥራ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ስንት ቤት ውስጥ ተስፋ እንደገባ ታስታውሳላችሁ። በ2014 ጦርነቱ መጥቶ ዘረፈው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አገሪቱ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምታስገባበት ዕድል ተዘጋ። የቀረችው ልጅ ዛሬም መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። የ2011 የሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚያጠና ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፤ ወለሉ ሳይቆረጥ ዓመታት አለፉ። ያው አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ነገ ማንም ሰው ፋብሪካ ውስጥ የሴቶችን ቀን ሊያከብር ቢሄድ፣ አበባውን ከማስረከቡ በፊት የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፎ እንደሆነ ገፋ አድርጎ ይይልኝ።

አሁን ወደ ሩሲያ እንሂድ፤ ማርች 8 የተቆረጠው እዚያ ነው። በ1917፣ ፔትሮግራድ። ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ገብቷል፣ ባል ግንባር ነው፣ የዳቦ ወረፋ በዚያ ብርድ ከሌሊት ጀምሮ ይያዛል። የሴቶች ቀን በደረሰ ጊዜ የአብዮተኞቹ መሪዎች “ጊዜው አልደረሰም፣ ሥራ አታቁሙ” ብለው ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች አልሰሟቸውም። ወጡ፤ የብረታ ብረት ፋብሪካ ወንዶችንም በር በሩ ላይ እየጠሩ አስወጧቸው። ዳቦ፣ ሰላም አሉ። በሳምንቱ ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ዙፋናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የሩሲያ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ።

ቀኑ በሩሲያ አሮጌ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 23፣ በአውሮፓ ማርች 8፣ በእኛ የካቲት 29 ቀን 1909 ነበር። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሕዝብ ነን። የካቲት 29 እና ማርች 8 ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ብትሆንም ባትሆንም አይላቀቁም።

እስቲ በዚያች ቀን የእኛን ቤት እንመልከት። በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የተቀመጡት ሴት ነበሩ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ። ዘውድ የጫኑት የካቲት 4 ነው፤ ገና ወር አልሞላቸውም። የሩሲያ ሴቶች ንጉሣቸውን ሲያወርዱ እኛ ሴት አንግሠን ነበር ማለት ነው። ይህን ብዬ ብቆም ሁላችሁም ታጨበጭባላችሁ። ግን አልቆምም።

ዘውዲቱ ለመንገሥ ባላቸውን ራስ ጉግሣ ወሌን እንዲለዩ ተደርገዋል። ባልየው ወደ በጌምድር ግዛታቸው ሄዱ፤ ሚስት በአዲስ አበባ ዙፋን ላይ ቀሩ። በአገራችን ታሪክ ዘውድ ለመጫን “ሚስትህን ፍታ” የተባለ ወንድ አላስታውስም። አልጋ ወራሽነቱና የመንግሥቱ ሥራ ለራስ ተፈሪ ተሰጠ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ራስ ጉግሣ ሸፍተው አንቺም ላይ ሲሞቱ፣ ንግሥቲቱም በሁለት ቀን ውስጥ አረፉ። ዙፋን ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ስላለች ብቻ ሴቶች መብት አላቸው አይባልም። ዛሬም በመድረክ የተቀመጡትን ሴቶች ቆጥረን “ደረስን” የምንል ካለን ዘውዲቱን እናስታውስ።

ወሎ ደግሞ ያንን ዓመት የሚያስታውሰው በሰገሌ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት ተሸነፉ፤ ተማረኩ። የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩ፣ ግብር ያበሉበት የነበሩ ሰው በእስር አለቁ። ወንዶቹ ስለ ሰገሌ ብዙ ፎክረዋል፣ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያ ጦርነት መካከል የቆሙት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ ወይዘሮ ስኂን ናቸው፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ። ሁለተኛዋ የስኂን ልጅ፣ ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው የተወለዱት መነን። መነን ያን ጊዜ የራስ ተፈሪ ሚስት ናቸው። አያታቸውን ያሸነፈው የባላቸው ወገን ነው። ያን ሌሊት እንዴት አድርገው እንዳለፉት ማን ጠየቃቸው? በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሁለቱም ቦታ አንድ መስመር ነው፤ “የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ሚስት”።

መነን ንግሥት ከሆኑ በኋላ በፈረንጆቹ 1931 በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። የእናታቸው ስም ደግሞ እዚሁ ደሴ ትምህርት ቤት ሆኖ ቀረ። ከወይዘሮ ስኂን የተማረ ሁሉ ስሙን በኩራት ይጠራል፤ ወይዘሮዋ ማን እንደነበሩ ግን ከአሥር ተማሪ አንዱ ይነግረኛል ብዬ አልወራረድም።

ስለ ወሎ ሴቶች ሥልጣን ከተነሣ ዘውዲቱና መነን የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሎን ሲገዙ የነበሩት ሁለት ተቀናቃኝ እመቤቶች ናቸው፤ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት። ሁለቱም በልጆቻቸው ስም ነበር የሚገዙት፤ ያን ጊዜ ለሴት በሩ ያ ነበር። በ1857 ክረምት መግቢያ ላይ ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወርቂት ግዛት ገባ። የወርቂት ልጅ ደግሞ በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሮ ነበር። ቅደም ተከተሉን ጸሐፊዎች በተለያየ መንገድ ይተርኩታል፤ ፍጻሜው ግን አንድ ነው። ቴዎድሮስ ልጃቸውን ገደሉባቸው፤ ወርቂት ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፉ። ያ ባይሆን የሸዋ ታሪክ፣ ከዚያም የአገሪቱ ታሪክ፣ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ እንግሊዞች መቅደላን ሲከቡ ሁለቱም እመቤቶች በአካባቢው ከነሠራዊታቸው ነበሩ። ስለ ወርቂት ውበት የተዘፈነ አለ እንደሆን አላጣራሁም፤ ስለ ፖለቲካቸው መጻፍ ግን ዕዳችን ነው።

ስዊዘርላንድን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ1911 የመጀመሪያውን የሴቶች ቀን ካከበሩት አራት አገሮች አንዷ ናት። የስዊዝ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት መቼ ይመስላችኋል? በ1971። ስልሳ ዓመት ሰልፍ። የእኛ አገር ሴቶች ይህን መብት በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አግኝተዋል። በ1950 በተደረገው ምርጫ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት። ወይዘሮ ስንዱ ደግሞ የተማሩት ስዊዘርላንድ ነው። አብረዋቸው የተማሩት የስዊዝ ልጃገረዶች ድምፅ መስጠት ሳይፈቀድላቸው እሳቸው አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተቀመጡ። ያ ፓርላማ ምን ያህል ሥልጣን ነበረው ብትሉኝ፣ ብዙም አልነበረውም። ቢሆንም ጨዋታው ደስ ይለኛል።

ደስታዬ ግን ረጅም አይደለም። ምርጫው በተደረገ በጥቂት ዓመት፣ በ1952፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። አንቀጽ 635 የቤተሰብ አለቃ ባል ነው ይላል፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዛል። ሠራተኛ የሚቀጥርላት አቅም ከሌለው የቤቱ ሥራ የእሷ ግዴታ ነው። ጋብቻ ለወንድ ከ18፣ ለሴት ከ15 ዓመት ይፈቀዳል። ይህ የባላገር ልማድ አይደለም፤ ታዋቂ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ያረቀቁት፣ በዘመናዊነቱ የተወደሰ ሕግ ነው። ያ ሕግ አርባ ዓመት ሠርቷል። በመካከል ደርግ መጥቶ የሴቶችን ማኅበር አቋቁሞ፣ ማርች 8ን በሰልፍና በመፈክር አድምቆ ነበር፤ እናቶቻችን በቀበሌ ተጠርተው ወጥተዋል፣ “ይውደም” ብለዋል፣ “ይለምልም” ብለዋል። አንቀጽ 635 ግን ከመፈክሩ ሁሉ ተርፎ ቁጭ ብሎ ነበር። የተሻረው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 መንፈስ፣ በ1992 በወጣው የተሻሻለ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። የእኛ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ነው። ለሁለቱም የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ፣ በትዳር ውስጥ እኩል መብት ተጻፈ።

ተጻፈ እንጂ ተፈጸመ አላልኩም። ስለ መፈጸም ከተነሣ በዚህ አገር ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ እኔ ትልቅ የምለው አንድ ደብተር ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን ማለቴ ነው። የክልላችን የመሬት ምዝገባ ሲጀመር በባልና ሚስት የተያዘ መሬት በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ተደረገ፤ የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጠፈበት። ገጠር ሄዳችሁ ያንን ደብተር አስወጥታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፌስታል ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ፌስታሉ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ ሣጥን ውስጥ ነው። ከፈቱት በኋላ ሁለቱ ፎቶዎች አሉ። እሱ ኮት ደርቦ፣ እሷ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ሁለቱም ካሜራውን እንደ ዳኛ እያዩ። ለአንዳንዷ እናት በዕድሜዋ የተነሣችው የመጀመሪያ ፎቶ ያ ነው። ሠርጓ ላይ ያልተነሣችውን ፎቶ ለመሬቷ ተነሣች።

የዚያ ፎቶ ጥቅም ፍቺ ሲመጣ ይታያል። ቀድሞ “ከአባቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ጎተራ የለኝም” ብላ ባዶ እጇን ወደ ወንድሟ ቤት የምትመለስ ሴት፣ ዛሬ ዳኛ ፊት ፎቶዋን ታሳያለች። ባል ሲሞት የባል ወንድሞች መሬቱን “የአያታችን ነው” ብለው ሲመጡም እንዲሁ። ለእኔ ይህ ከማንኛውም መሪ ቃል ይበልጣል።

ግን አንድ ነገር ጨምሩልኝ። የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ብዙ ቤት ቁልፉ እሱ ኪስ ነው። የደብተሩን ገጽ ማንበብ የምትችለውስ? በብዙ ቤት ማንበብ የምትችለው ትምህርት ቤት የገባችው ልጅ ናት። ስለዚህ ስለ ሴቶች እኩልነት ስንናገር ስለ ስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው የምንናገረው፤ ስለ ፈተናዋ፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ስለምትሄድበት መንገድ፣ በጥር “ትዳር መጥቷል” ተብላ ስለምትቀርበት ቀን።

ስለ ሰላም የተነገረው ረሳሁት እንዳትሉኝ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1977 መጨረሻ አገሮች አንድ ቀን እንዲመርጡ ሲጠይቅ፣ ቀኑን የሴቶች መብትና የዓለም አቀፍ ሰላም ቀን ነበር ያለው። ሁለተኛው ግማሽ በባነሩ ላይ አይጻፍም። የፔትሮግራድ ሴቶችም ዳቦን ከሰላም አልለዩም፤ ልጁ ግንባር የሆነባት እናት መለየት አትችልም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በ2014 በእግሯ ከከተማ የወጣች አለች። ስለደረሰባት ነገር እስከዛሬ ለማንም ያልተናገረች አለች፤ እንድትናገርም አልጠይቃትም። ለእሷ ግን አበባ ይዞ መሄድ ስድብ ነው። ሐኪም፣ ፍርድ ቤት፣ ወይም ቢያንስ ነገሩን ሳያቃልል የሚመዘግብ ሰው ይቅረብላት።

ወንድሞቼ ቅር እንዳይላችሁ አንድ ነገር ስለ ቤታችን ልበል። ወሎ ሴቶቹን የሚያከብርበት ሥርዓት አለው፤ ዱበርቲዎቻችን፣ ዱዓ የሚያደርጉት እናቶቻችን፣ ዱዓ ሲያደርጉ ትልቁ ትንሹ “አሚን” ይላል፤ ምርቃታቸው ይፈለጋል፣ እርግማናቸው ይፈራል። ቅሬ ላይ፣ ማለትም እድራችን ላይ፣ ግን እንይ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው የሚወስኑት ወንዶች ናቸው፤ ውሃ የሚቀዱት፣ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ሦስት ቀን የማይተኙት ሴቶች። መዝገቡ የሚያዘው በማን ስም ነው? በአባወራው። ባል የሞተባት ብቻ ናት በራሷ ስም የምትጻፈው። የቅሬ ዳኛ ለመሆን ደረጃ የሚጠይቅ ሕግ የለም፤ አዋጅም አያስፈልገውም፣ በጀትም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ “እትዬ እገሊት ዳኛ ትሁን” ማለቱ ነው። ሽማግሌዎቻችን እዚህ አሉ፤ ሰምታችኋል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አብቅቶ ጥያቄ ተነሣ። አንድ ወጣት “የወንዶች ቀንስ መቼ ነው?” ብሎ ጠየቀ፤ አዳራሹ ሳቀ። አለ፤ ኖቬምበር 19 ነው፣ ኅዳር 10 ግድም። ያዘጋጅ፣ እንመጣለን አልኩት።

ከዚያ ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ። ከደሴ ዙሪያ ነው የመጡት። “ልጄ፣ እሱ ያልሽው ደብተር ላይ ፎቶዬ አለ። ቁልፉም እኔው ጋ ነው። ዓምና ግን ባለቤቴ የታችኛውን ማሳ ለሰው አከራየው። እኔ አልፈረምኩም፤ የሰማሁት ሰውየው በሬ ይዞ ሲመጣ ነው። ይኼ ይሆናል?”

አይሆንም እማማ፣ አልኳቸው። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት፣ በመያዣ ለመስጠት የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል፤ የክልሉ የገጠር መሬት ሕግም በጋራ ይዞታ ላይ የሁለታችሁን ፈቃድ ይጠይቃል። ነገር ግን ጊዜ አለው። የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 69 መቃወም የሚቻለው ውሉን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው ይላል፤ ባያውቁ እንኳ ከሁለት ዓመት አያልፍም። መቼ ነው የሰሙት ብዬ ጠየቅኳቸው። ከመስቀል በኋላ ነው፣ ጥቅምት ላይ አሉ። በጣት ቆጠርን፤ አምስት ወር እየሆነው ነው። ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ከነፌስታሉ ይዘው ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት እንዲሄዱ፣ ውሉ ተመዝግቦ እንደሆነ እንዲጠይቁ፣ ተመዝግቦ ከሆነ ቅጂ እንዲወስዱ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ሄደው ለማመልከት ሚያዝያን እንዳይጠብቁ ነገርኳቸው። “በልጉ ሳይዘራ ይደርስልኛል?” አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠች የሕግ ባለሙያ ስልኳን ጽፋ ሰጠቻቸው፤ ሰኞ አብሬዎት እሄዳለሁ አለቻቸው።